ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ፦ ባቡር፣ አውቶቡስ፣ መኪና ወይስ አውሮፕላን? በካርቦን አሻራ የተመዘነ ንጽጽር

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው አራት አማራጭ አለው። ከለቡ በኤሌክትሪክ ባቡር ይሳፈራል፤ ሌሊት ተነሥቶ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ይሄዳል፤ የራሱን ወይም የመሥሪያ ቤቱን መኪና ያስነሣል፤ አለዚያም ከቦሌ ይበራል። በአገራችን ሐዲድ፣ አስፋልትና የአየር መስመር ጎን ለጎን ኖረውለት መንገደኛው የምር የሚያማርጥበት ሌላ ረጅም ጉዞ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አካባቢን ላለመበከል በምድር መጓዝ ይሻላል ወይስ መብረር የሚለውን ጥያቄ በተጨባጭ ቁጥር ለመመርመር ይህ መስመር ይመቻል።

ብዙ ሰው መልሱን ያወቀው ይመስለዋል፤ አውሮፕላን ይበክላል፣ በምድር የሚሄድ ሁሉ ከእርሱ ይሻላል ይላል። ሂሳቡ ሲሠራ ግን በዚህ መስመር በነፍስ ወከፍ ብዙ ጋዝ የሚያወጣው አውሮፕላኑ ሳይሆን አንድ ሰው ብቻውን ይዞት የሚሄደው መኪና ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ተሽከርካሪውን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ከየት እንደመጣና ያንን ኃይል ስንት ሰው እንደተካፈለው። የሚከተለው ንጽጽር የተሠራው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ተመሥርቶ ነው።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የምንመዝነው በአምስት ነገሮች ነው፤ በአንድ ተጓዥ በሚደርሰው የካርቦን መጠን፣ ከቤት ደጅ እስከ መድረሻ ደጅ በሚወስደው ጊዜ፣ በወጪ፣ በአስተማማኝነትና ደኅንነት፣ በመጨረሻም ከጣቢያ ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከሚፈለገው ቦታ ባለው ጣጣ። አራቱን ማንም መንገደኛ በልምድ ያውቃቸዋል። የካርቦኑ ስሌት ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

በነዳጁ ላይ ክርክር የለም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ አንድ ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ ደግሞ 3.16 ኪሎ ግራም ያወጣል። የሚወጣው ጋዝ ከተቃጠለው ነዳጅ የሚከብደው በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ስለሚዋሐድ ነው። የሚያከራክረው ክፍፍሉ ነው። ለዚህ ጽሑፍ በአንድ ጉዞ የሚቃጠለውን ነዳጅ ለተሳፋሪው ቁጥር አካፍያለሁ፤ ነዳጁን ለማውጣት፣ ለማጣራትና ለማጓጓዝ የሚወጣውን ጋዝ፣ እንዲሁም ሐዲዱንና አስፋልቱን ለመሥራት የወጣውን አልጨመርኩም። የፍጆታ ቁጥሮቹ በመካከለኛ ግምት የተወሰዱ ስለሆኑ፣ መኪናው ያረጀበት ወይም ጭነት የሚያበዛ ሰው የራሱን ቁጥር አስገብቶ ቢያሰላ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ርቀቱም አንድ ዓይነት አይደለም። በአስፋልት 515 ኪሎ ሜትር፣ በሐዲድ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአየር ግን 345 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ጭሮን፣ ቁልቢንና ደንገጎን እየዞረ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዱን መጓጓዣ ከሌላው በኪሎ ሜትር ብቻ የሚያወዳድሩ ሠንጠረዦች ይህን ይደብቁታል፤ እኛ ግን የምናወዳድረው ሙሉ ጉዞን ከሙሉ ጉዞ ጋር ነው።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። «አውሮፕላኑ እኔ ብቀርም ይበራል፤ ታዲያ የእኔ መቅረት ምን ይቀንሳል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አባባሉ ለአንድ ቀን እውነት ነው፤ በዓመት ሲታሰብ ግን የበረራው ብዛት የሚወሰነው በተሳፋሪው ብዛት ነው። ይህ ክርክር የሚጠቅመን አውሮፕላኑን ከሐሜት ለማዳን ሳይሆን መኪናን በትክክል ለማየት ነው። ባቡሩም አውቶቡሱም ያለ እርስዎ ይሄዳሉ፤ የግል መኪና ግን እርስዎ ካላስነሡት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከአራቱ ውስጥ ጭሱ ሙሉ በሙሉ በተጓዡ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለው የመኪናው ብቻ ነው።

ባቡር

ድሬዳዋን የፈጠራት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የፈረንሳዮች ሐዲድ ሽቅብ ወደ ሐረር መውጣት ከብዶት እ.ኤ.አ. በ1902 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቆላው ላይ ሲያርፍ ከተማዋ በዙሪያው ተቆረቆረች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የአዲስ አበባው ለገሃርም ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ ነው። የዛሬው ባቡር ግን ሌላ ነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 752 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አዲሱ መስመር በኢትዮጵያ በኩል በ2016 ተመርቆ፣ መደበኛ አገልግሎቱን በ2018 መጀመሪያ ጀምሯል፤ የሚሄደውም ከላይ በተዘረጋ ባለ 25 ሺህ ቮልት የኤሌክትሪክ ገመድ ነው።

ባቡሩን በካርቦን ሚዛን ከሁሉ በላይ ያደረገው ይህ ገመድ ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ ገመዱ ጫፍ ላይ ያሉት ግድቦች ናቸው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠናው በላይ ከውኃ የሚመነጭ ሲሆን ቀሪውም በአብዛኛው ከነፋስ ነው። የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ በ2014 ባወጣው ግምገማ የውኃ ኃይል፣ የግድቡ ግንባታ ሁሉ ታስቦ፣ በአማካይ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 24 ግራም በካይ ጋዝ ይያዝበታል፤ ድንጋይ ከሰል ግን 820 ግራም። ባቡሩ ለአንድ ተሳፋሪ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል ብለን አብዝተን ብንገምት እንኳ፣ ከለቡ እስከ ድሬዳዋ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ግማሽ ኪሎ ግራም አይሞላም። ያው ባቡር፣ ያው ሐዲድ፣ ያው ተሳፋሪ ሆኖ ኃይሉ ከድንጋይ ከሰል ቢመጣ ኖሮ ግን 16 ኪሎ ግራም ይሆን ነበር፤ ይህም ከሞላ አውቶቡስ የባሰ ነው። ባቡር በተፈጥሮው ንጹሕ ነው የሚለው አነጋገር በሌላ አገር ላይሠራ ይችላል፤ እዚህ የሚሠራው የኃይሉ ምንጭ ወንዞቻችን ስለሆኑ ነው።

ጉዞው ሰባት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከመኪናው መንገድ በተለየ ባቡሩ የጨርጨርን ተራሮች በስተቀኝ እየተወ ቆላ ለቆላ ይሄዳል። ከአዳማ በኋላ ሙቀቱ እየጨመረ ይመጣል፤ መተሐራ ሲደረስ የበሰቃ ሐይቅ ከመስኮቱ ሥር ይገባል ሊባል በሚችል ቅርበት ይታያል። ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መጥቶ የድሮውን ሐዲድና አስፋልት ሲያሰጋ የኖረ ስለሆነ፣ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በውኃው መካከል ማለፍ እንደ መልክዓ ምድር ትምህርት ነው። ከአዋሽ ወዲያ ግመሎች ግራር ሥር ቆመው ይታያሉ። እኔ በተሳፈርኩበት ቀን አጠገቤ የነበሩ እናት ከአዳማ ጀምሮ የልጅ ልጃቸውን ግመል እያስቆጠሩ፣ ሜኤሶ ሲደርሱ ልጁ ቁጥሩ ስለጠፋበት እንደገና ከአንድ አስጀመሩት። በአውቶቡስ ወንበር ሰባት ሰዓት ከተቀመጠ ልጅ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይጠበቅም፤ ባቡር ውስጥ ግን ተነሥቶ መንጎራደድ፣ ሽንት ቤት መሄድና በፉርጎው መተላለፊያ መመላለስ ይቻላል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ ጉዞውን በባቡሩ ቀን ማስተካከል ግድ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ከጣቢያው ወይም ከቲኬት መሸጫው አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ መታወቂያም መያዝ ያስፈልጋል። ሐዲዱ በግጦሽ መሬት መካከል ስለሚያልፍ ከብትና ግመል እየገባ ባቡር የሚያዘገይበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚያሰለቸው ግን የጣቢያዎቹ ርቀት ነው። ለቡ ከአዲስ አበባ መሐል ሩቅ ነው፤ የካ ወይም ኮተቤ ለሚኖር ሰው ማለዳ እዚያ መድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያም ከተማው እምብርት ላይ እንደነበረው እንደ አሮጌው አይደለም፤ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ከዚራ ወይም መጋላ ለመግባት ባጃጅ ወይም ታክሲ መያዝ ያሻል። ለቡ ድረስ ብቻዎን በኮንትራት ታክሲ ከሄዱ፣ በታክሲው ያወጡት ጋዝ በባቡሩ ከሚደርስብዎት እንደሚበልጥ ልብ ይበሉ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ነገሩ ያስቃል።

አውቶቡስ

አውቶቡስ በካርቦን ጉዳይ ስሙ የማይነሣ ጀግና ነው። አንድ ትልቅ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በመቶ ኪሎ ሜትር 32 ሊትር ናፍጣ ቢበላ፣ ድሬዳዋ ለመድረስ 165 ሊትር ያቃጥላል፤ ይህም 440 ኪሎ ግራም ገደማ ጋዝ ነው። ለ45 ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 10 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ግማሹ ወንበር ባዶ ከሆነ ቁጥሩ 20 ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ መስመር ግማሽ ባዶ አውቶቡስ ያየ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን ሚኒባስ በበኩሉ በነፍስ ወከፍ 14 ኪሎ ግራም አካባቢ ያወጣል፤ በካርቦን የሚያስከፋ አይደለም። የሚያስከፋው አነዳዱ ነው።

ጊዜው ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ነው። መነሻው ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ተሳፋሪው ከዚያ በፊት ሻንጣውን አስጭኖ መገኘት አለበት። እስከ አዳማ ያለው የክፍያ መንገድ ያስተኛል፤ ከአዋሽና ከሜኤሶ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ጭሮ መውጣት ሲጀምር ጠመዝማዛው ሆድ ያውካል። ማቅለሽለሽ የሚያጠቃው ሰው ከመካከለኛው ወንበር እንዳያልፍ እመክራለሁ። አንድ ጊዜ ከጭሮ በፊት ባለው ዳገት የተሳፈርንበት አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶ ሦስት ሰዓት መንገድ ዳር ተቀምጠናል፤ መለዋወጫው ጎማ ከተበላሸው ጎማ ብዙም የማይሻል መሆኑ የታወቀው ሲወርድ ነው። ረዳቱ «አይዟችሁ፣ ድሬ ትጠብቃለች» እያለ ያጽናናን ነበር፤ የደረስነው ከመሸ ነው።

ከዚህ ተሞክሮ ያገኘሁት መመዘኛ ቀላል ነው። ልዩ ባስ ከሚባሉት ውስጥ ቲኬት ሲቆረጥ የወንበር ቁጥር የሚሰጥ፣ ትርፍ ሰው የማይጭንና የደኅንነት ቀበቶው የሚሠራ ይመረጣል። የዋጋ ልዩነቱ ከድካሙ አንጻር ትንሽ ነው። የአውቶቡስ ትልቁ ብልጫ በየቀኑ መኖሩና ከተማ ውስጥ ማውረዱ ነው፤ ጭሮ፣ ሂርና ወይም ቁልቢ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ባቡሩ በዚያ ስለማያልፍ በሕዝብ መጓጓዣ ሌላ አማራጭ የለውም።

መኪና

በመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ቤንዚን የሚበላ አውቶሞቢል ድሬዳዋ ሲደርስ 46 ሊትር ያቃጠለ ሲሆን፣ ያወጣው ጋዝ 107 ኪሎ ግራም ነው። አሽከርካሪው ብቻውን ከሆነ ይህ ሁሉ የእርሱ ነው፤ ከታች እንደሚታየው በአውሮፕላን ቢሄድ ከሚደርስበት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሁለት ሰው ሲሆኑ ከአውሮፕላን ጋር ይስተካከላሉ። አራት ሲሆኑ 27 ኪሎ ግራም፣ አምስት ሲሆኑ 21 ይደርሳቸዋል። በአጭሩ መኪና ከአውሮፕላን መሻል የሚጀምረው ከሦስተኛው ሰው ጀምሮ ነው።

የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ጉዳይ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። 13 ሊትር ናፍጣ በመቶ ኪሎ ሜትር የሚወስድ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና በአንድ ጉዞ 180 ኪሎ ግራም ያወጣል። አንድ ባለሙያና አንድ ሾፌር ከያዘ ሁለት ሰው ተጓዘ ብሎ ማካፈል ትክክል አይመስለኝም፤ ሾፌሩ ድሬዳዋ ጉዳይ የለውም፣ የሄደው ባለሙያውን ለማድረስ ነው። ስለዚህ 180ው በሙሉ የባለሙያው ነው። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሊወያይ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ተሰብሳቢ ሁሉ በየፊናው በአንድ አንድ ላንድክሩዘር ሲመጣ የሆቴሉን ግቢ የሚሞላው ነጭ መኪና የስብሰባውን ርእስ ያሳፍራል። አራቱ ተነጋግረው በአንዱ ቢመጡ ድርሻቸው 45 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በባቡሩ ቢመጡ ደግሞ ከነጭራሹ ወሬው ይቀራል።

የኤሌክትሪክ መኪና ሂሳቡን ይገለብጠዋል። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በርክተዋል። በመቶ ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚወስድ መኪና ለዚህ ጉዞ 93 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በውኃ ኃይል ሲሰላ መላው መኪና ከ2.5 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ብቻውን የሚነዳ ሰው እንኳ ከአውቶቡስ ተሳፋሪ ይሻላል ማለት ነው። ችግሩ ግን ሌላ ነው። አንድ ሙሌት ለብዙዎቹ መኪኖች ይህን ርቀት አያደርስም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ የት እንደሚሞላ በስልክ ሳያረጋግጡ መነሣት የዋህነት ነው። አቀማመጡም አሳሳች ነው። ከአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ሲወረድ ባትሪው ብዙ አይበላም፤ አሽከርካሪውም ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ወደ ጭሮና ወደ ቁልቢ ዳገቱ ሲጀምር ግን በሰሌዳው ላይ የሚታየው ቀሪ ርቀት ከመንገዱ ፈጥኖ ያልቃል። በመልስ ጉዞ ደግሞ የመጨረሻው ክፍል ሙሉ ዳገት ነው።

አውሮፕላን

በአገር ውስጥ በረራ የተለመደው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 ሰማንያ የማይሞላ ሰው ይይዛል። ለዚህ ርቀት አንድ ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል ብንል ከሦስት ቶን በላይ ጋዝ ይወጣል፤ በውስጡ ሃምሳ አምስት እስከ ስድሳ ሰው ካለ ድርሻው ከ50 እስከ 60 ኪሎ ግራም ነው። አጭር በረራ በኪሎ ሜትር ሲታይ ከረጅም በረራ የሚከብደው ነዳጁ የሚበላው ለመነሣትና ከፍታ ለመያዝ ስለሆነ ነው፤ አውሮፕላኑ ተደላድሎ መብረር ሲጀምር መውረጃው ደርሷል። ትላልቅ ጄቶች በከፍታ ላይ የሚተዉት ነጭ የደመና መስመር ራሱን የቻለ የማሞቅ ውጤት አለው፤ ባለ ፕሮፔለሮቹ ዝቅ ብለው ስለሚበሩ በዚህ በኩል ጥፋታቸው አነስ ይላል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2016 ያጸደቀው የካርቦን ማካካሻ ሥርዓት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ በረራዎችን ብቻ ስለሆነ የቦሌና የድሬዳዋ በረራ በዚያ አይሸፈንም።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። አገራችን ነዳጅ ስለማታወጣ የአውሮፕላኑም ነዳጅ ከውጭ ይገባል። ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፣ አዋሽን አልፎ፣ ሽቅብ ደጋ ወጥቶ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ ክንፍ ውስጥ ገብቶ ወደ መጣበት ወደ ምሥራቅ እየበረረ ይቃጠላል። ቦቴው ለዚህ ያቃጠለው ናፍጣ ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ የለም።

በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም ማለት ይቻላል፤ ከቤት ወጥቶ፣ ተፈትሾ፣ ተሳፍሮና ሻንጣ ተቀብሎ ከተማ እስኪገባ ግን አራት ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። ከባቡሩ ጋር ያለው ልዩነት ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሳይሆን አራት ወይም አምስት ነው። ዋጋው ከባቡርና ከአውቶቡስ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። መንገድ ሲዘጋ ግን ዋናው አማራጭ እርሱ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ነዋሪዎች ከቀያቸው እንዲወጡ በተደረገበት ወቅት፣ በዚያ በኩል በምድር ለመጓዝ ያመነታ ሰው አልተሳሳተም። የጸጥታ ሁኔታም እንዲሁ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ በምድር የሚሄድ ሁሉ በዋዜማው በመስመሩ ላይ የሚኖር ሰው ጠይቆ መነሣት አለበት።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ (የአንድ መንገድ ጉዞ፣ ለአንድ ሰው)

| አማራጭ | ካርቦን ዳይኦክሳይድ | ከደጅ እስከ ደጅ | ወጪ | ልብ የሚባል ነገር |
|---|---|---|---|---|
| ኤሌክትሪክ ባቡር | ከ1 ኪ.ግ. በታች | 9 ሰዓት ገደማ | ዝቅተኛ | በየቀኑ የለም፤ ጣቢያው ከከተማ ይርቃል |
| አውቶቡስ፣ ሙሉ | 10 ኪ.ግ. | ከ10 እስከ 12 ሰዓት | ዝቅተኛ | በየቀኑ አለ፤ ያደክማል |
| ሚኒባስ | 14 ኪ.ግ. | ከ9 እስከ 11 ሰዓት | ዝቅተኛ | ፍጥነቱ ያሰጋል |
| የቤንዚን መኪና፣ 4 ሰው | 27 ኪ.ግ. | ከ8 እስከ 10 ሰዓት | ሲካፈል መካከለኛ | መንገድ ላይ ጉዳይ ላለው ይመቻል |
| የቤንዚን መኪና፣ 1 ሰው | 107 ኪ.ግ. | ከ8 እስከ 10 ሰዓት | ከፍተኛ | ከአውሮፕላን የባሰ |
| ላንድክሩዘር፣ ሾፌርና 1 ሰው | 180 ኪ.ግ. | ከ8 እስከ 10 ሰዓት | ከፍተኛ | ከሁሉም የባሰ |
| ኤሌክትሪክ መኪና፣ 1 ሰው | 2.5 ኪ.ግ. | እንደ መሙያው | መካከለኛ | መሙያ ቦታ ይረጋገጥ |
| አውሮፕላን | ከ50 እስከ 60 ኪ.ግ. | 4 ሰዓት | ከፍተኛ | ለአንድ ቀን ጉዳይ ይመቻል |

ቁጥሮቹን በቦታቸው ለማየት ያህል፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ በዓመት 150 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። በላንድክሩዘር ብቻውን የወረደ ሰው የዓመት ድርሻውን መሄጃው ላይ ጨርሶታል።

ለማን የትኛው ይሻላል?

ብቻውን ወይም ከቤተሰቡ ጋር የሚሄድና ቀኑን ማስተካከል የሚችል ሰው ባቡሩን ይያዝ፤ ገንዘብም ካርቦንም ይቆጥባል፣ ልጆችም ይደሰታሉ። ወደ ሐረር የሚያልፍም ከድሬዳዋ በኋላ ያለው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነና በየደቂቃው ሚኒባስ ስለሚገኝ በባቡሩ ቢጀምር አይጎዳም።

ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚሳለም ሰው ሁኔታው ይለያል። ባቡሩ ቁልቢ ስለማይደርስ ድሬዳዋ ወርዶ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ከድሬዳዋ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ማግኘት መከራ ነው። እድር ወይም ጽዋ ማኅበር ተሰባስቦ አንድ አውቶቡስ ቢኮናተር በካርቦንም በወጪም ይበልጣል። መኪና ያለውም ወንበሩን ሳይሞላ ባይነሣ ጥሩ ነው፤ በዚያ ቀን «ቦታ አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት አይጠፋም።

ለአንድ ቀን ስብሰባ የሚሄድ የሥራ ሰው፣ ስብሰባው በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚያልቅ ካልሆነ፣ ብቻውን ላንድክሩዘር ከሚያስነሣ ቢበር ይሻለዋል። ይህን ስጽፍ የባቡር ወዳጆች እንደሚከፋቸው አውቃለሁ፤ ቁጥሩ የሚለው ግን ይህንን ነው። መሥሪያ ቤቶች የጉዞ መመሪያቸውን ሲያሻሽሉ ከሦስት ሰው በታች የያዘ መኪና ወደ ድሬዳዋ እንዳይወጣ ቢደነግጉ ስለ አካባቢ ጥበቃ ከሚያሳትሙት ፖስተር የበለጠ ይሠራል።

አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ለሕክምና የሚመላለስ ሰው ካርቦን እየቆጠረ አይጨነቅ፤ አቅም ካለ ይብረር።

ከዋሽንግተን ወይም ከአውሮፓ ለዘመድ ጥየቃ የሚመጣ ሰው ዓለም አቀፍ ቲኬቱን በአገራችን አየር መንገድ ከቆረጠ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ቅናሽ ያገኛል፤ ይህም ወደ መብረር ይገፋፋዋል። ባሕር ለማቋረጥ ያወጣው ጋዝ ደርሶ መልስ በቶን የሚቆጠር ስለሆነ ከድሬዳዋው በረራ የሚያተርፈው 50 ኪሎ ግራም ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ለእርሱ ትልቁ ቁጠባ ሁለት አጭር ጉዞ ከማድረግ አንድ ረጅም ጉዞ አድርጎ ሠርጉንም ተዝካሩንም በአንድ ማድረስ ነው። ችግኝ ተክዬ አካክሳለሁ የሚለው ሐሳብ ደስ ይላል፤ ችግኙ ጋዙን የሚስበው ግን ከጸደቀና ካደገ በኋላ፣ በብዙ ዓመት ነው። አውሮፕላኑ የሚያወጣው በአንድ ሰዓት ነው።

በሌሎች መስመሮችስ?

ወደ ሐዋሳ መብረር ትርጉም የለውም፤ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነና ከሞጆ የሚነሣው ፈጣን መንገድ ስላሳጠረው፣ አየር ማረፊያ ለመድረስና ለመጠበቅ በሚጠፋው ጊዜ አውቶቡሱ ዝዋይን አልፏል። ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና መቀሌ ሐዲድ ስለሌለ ምርጫው በአውቶቡስና በአውሮፕላን መካከል ነው፤ በካርቦን አውቶቡሱ ያለ ጥርጥር ይሻላል፣ መንገዱ ሰላም መሆኑ ግን አስቀድሞ ይጠየቅ። ጅቡቲ ለሚሄድ የድሬዳዋው ስሌት ይቀጥላል፤ ባቡሩም ኃይሉም ያው ነው፣ ፓስፖርትና ቪዛ ብቻ ይጨመርበታል።

ባቡሩ በየቀኑ ባለመኖሩ የሚቸገር ሰው ደርሶ መልሱን በአንድ ዓይነት መጓጓዣ ማድረግ የለበትም። በባቡሩ ቀን ወርዶ፣ ጉዳዩን ሲጨርስ በአውቶቡስ ቢመለስ ድምሩ 11 ኪሎ ግራም አይሞላም፤ ሲመለስ የግድ ቸኩሎ ቢበር እንኳ ደርሶ መልስ በአውሮፕላን ከሚሄድ ሰው ግማሹን ያተርፋል። እኔ የማደርገው መሄጃውን በባቡር ነው፤ ቀን ስለሚጓዝ ቆላውን በመስኮት አያለሁ። መመለሻውን በአውቶቡስ የማደርገውም ደንገጎ ላይ ሲወጣ ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝና ለቁርስ ሲቆም ትኩስ ሻይ ስለሚገኝ ነው።